ሳይሰማ የተፈረደበት ተውኔት

ለ፦ በዞንና በወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤቶችን ለምትመሩና የሕዝብ አዳራሾችን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች

ለ፦ በአዲስ አበባ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች የተውኔት ድርሰት ለምትገመግሙ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ አዲስ ተውኔት ውሳኔ ከማግኘቱ በፊት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በሐይቅ አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከክፍለ ጊዜ ውጭ ደግሞ የተማሪዎችን የድራማ ክበብ አግዛለሁ። ሥራ እንደሚደራረብባችሁ አውቃለሁ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው የባህል መሆኑንም አላጣሁትም። ስለዚህ በእናንተ ላይ ብዕር ለማንሣት የምቸኩል ሰው አልነበርኩም። አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ በአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እጅ ያየሁት ቡናማ ፖስታ ነው።

ልጅቱ የአምባሰል ገጠር ልጅ ናት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ሐይቅ ከተማ አንድ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ በሒሳብ ደብተር ላይ ተውኔት ስትጽፍ ኖረች። ታሪኩ በአንድ ቡና ያልቃል። ቡናው ሲቆላ ይጀምራል፣ በረካው ሲጠጣ ይዘጋል፤ ሦስቱ ገቢሮች አቦል፣ ቶናና በረካ ናቸው። ዐረብ አገር የሄደች ልጇን ስልክ የምትጠብቅ እናት አለች፤ ጎረቤቶች እየገቡ ይቀመጣሉ፤ ልጅቱን የላካት ደላላም እንደ ማንም ጎረቤት ስኒውን ይዞ አብሮ ይጠጣል። ስልኩ አይጠራም። ወሎ ውስጥ በስንት ቤት እንዲህ ያለ ቡና እንደተጠጣ ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

ድርሰቱን ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባች። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቢሮ ቢሆን ኖሮ በሩን አንኳኩቼ እናገር ነበር እንጂ ግልጽ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የእጅ ጽሑፍ አንቀበልም፣ በኮምፒውተር የተተየበ ሦስት ቅጂ አምጪ ተባለች። ለማስተየቢያና ለማባዣ የወር ደመወዟን አብዛኛውን አወጣች። የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቀች፤ ከቀበሌ አጽፋ አመጣች። "ደውለን እንጠራሻለን" ተባለች። ከሰባት ወር በኋላ ራሷ ሄዳ ስትጠይቅ ፖስታውን ከመደርደሪያ አውርደው ሰጧት።

ውስጡን አብረን አየነው። ሦስቱም ቅጂዎች አሉ። ሁለቱ እንደተሰፉ ናቸው፤ አንድ ገጽ እንኳ አልታጠፈም። ሦስተኛው እስከ ገጽ አራት ተገልጧል፤ እዚያ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ "መልእክቱ?" የሚል አንድ ቃል ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ከላይ የተያያዘችው ደብዳቤ ሁለት መስመር ናት፤ ድርሰቱ ለመድረክ ብቁ ሆኖ ባለመገኘቱ መመለሱን ትገልጻለች። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ተውኔቱ በእርግጥም ለመድረክ አልደረሰም ነበር። ፍርዱ አልከፋኝም። የከፋኝ ልጅቱ ከዚያች ወረቀት ላይ ነገ ማታ ደብተሯን ገልጣ ምን ማስተካከል እንዳለባት የምትማረው አንዳች ነገር ማጣቷ ነው። ያቺን ፖስታ ይዛ ስትወጣ "ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ አልጽፍም" አለችኝ። ስንት ልጅ እንዲህ ብሎ እንደቀረ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ የቀረ ሰው ለማንም አያመለክትምና።

አንድ ባልደረባዬ ግን "እስቲ ጮክ ብለን እናንብበውና እንስማው" አለ። 40 ገጽ በስምንት ቅጂ 320 ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው፤ መምህራን አዋጥተን አስባዛን። እሑድ ከሰዓት አንድ መማሪያ ክፍል አስከፍተን ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን። አንባቢዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው በግማሽ ክብ ተቀመጡ። መጋረጃም መብራትም አልባሳትም አልነበረም። አንዲት መምህርት እናትየዋን አነበበች፤ የጂኦግራፊው መምህር ደላላውን ያዘ፤ አንድ ተማሪ በቅንፍ የተጻፈውን የመድረክ መመሪያ እንዲያነብ ተመደበ። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ወላጆች ነበሩ፣ በመስኮት ሰምተው የገቡም ነበሩ። ደራሲዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ገቢር አንዲት ምራት አማቷን "አንቺ ደግሞ" ብላ ስትጀምር፣ ከመካከል አንዲት እናት "ያ ረቢ! ምራት አማቷን አንቺ ትላለች እንዴ? አንቱ ነው እንጂ!" ብላ ጮኸች። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ደራሲዋም አብራ ሣቀች፤ ወዲያው አጎንብሳ ስትጽፍ አየኋት። ይህቺ ልጅ እናቷ አያቷን አንቱ ስትል እየሰማች ነው ያደገችው። ደብተር ስትገልጥ ግን እጇ ላይ የመጣላት የቴሌቪዥን ድራማ አማርኛ ነበር፤ ለመድረክ የሚሆነው እርሱ ይመስላት ነበርና። "አንቺ" ወደ "አንቱ" ሲመለስ የጠቡ መልክ ራሱ ተቀየረ። ምራት ከአንቱታው ሳትወጣ ስትቆጣ ቁጣዋ ይበልጥ ያስፈራል። ይህን የትኛውም ገምጋሚ ኮሚቴ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ተቀምጦ ሊነግራት አይችልም። ያቺ እናት ግን በአንድ ቃል ነገረቻት።

በሁለተኛው ገቢር አንድ መምህር የሆነ ገጸ ባሕርይ ስለ ሕገ ወጥ ስደት ጉዳት ሁለት ገጽ ተኩል ይናገራል። ንግግሩ ትክክል ነው፤ ስብሰባ ላይ ቢሆን ይጨበጨብለት ነበር። አንባቢው ገና አንድ ገጽ ሳይጨርስ ሳል ተጀመረ፤ አንዱ ስልኩን አወጣ፤ በሩ ሲጢጥ ብሎ ሁለት ሰው ወጣ። ልጅቱን ማንም አልተናገራትም፤ ሳሉ ነገራት። ያንን ንግግር ለምን እንደጻፈችው ስጠይቃት "መልእክት ከሌለው አይቀበሉም ሲሉ ሰምቼ" አለችኝ።

በሦስተኛው ገቢር ማለቂያ ላይ እናትየዋ በረካውን ቀድታ ስታበቃ፣ ለሌለችው ልጇ አንድ ስኒ ሞልታ ከረከቦቱ ዳር ታኖራለች። ይህ በድርሰቱ ውስጥ በቅንፍ የተቀመጠ አንድ መስመር ነው፤ የምትናገረው ቃል የለም። የመድረክ መመሪያውን የሚያነበው ልጅ ያቺን መስመር ሲያነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። "መልእክቱ?" ተብሎ በእርሳስ የተጠየቀው ጥያቄ መልሱ እዚያ ነበር። የሚያሳዝነው ገጽ 40 ላይ ነው፤ እርሳሱ የቆመው ገጽ አራት ላይ።

ካነበብን በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ደራሲዋ አልተከራከረችም፤ ማስታወሻ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች፤ 40 ገጹ 31 ሆኗል፤ የመምህሩ ንግግር ወጥቷል፤ ከመካከል የጮኸችው እናት ደግሞ ሳታውቀው ገጸ ባሕርይ ሆና ገብታለች።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁን ነገር ከዚህ ቀለል አድርጌ መናገር አልችልም። ተውኔት ለጆሮ የተጻፈ ነገር ነው፤ እናንተ ግን በዐይን ብቻ ትፈርዱበታላችሁ። እባካችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙት።

ይህ እንግዳ ልማድ አይደለም። ከከተማችን አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርት አደራጅተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዋድላም በቅኔ ቤቷ የታወቀች የወሎ ምድር ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ጽፎ በፖስታ አያስገባም፤ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጓደኞቹ ይሰማሉ፣ መምህሩ ያርማል፣ እርሱም በማግሥቱ የተሻለ ቆጥሮ ይመጣል። ሀድራ ላይም መንዙማ አውጪው ያወጣል፣ ታዳሚው ይቀበላል፤ ስንኙ ልብ መንካት አለመንካቱ እዚያው ከተቀባዩ ድምፅ ይታወቃል። በላ ልበልሃ ሲባል በነበረበት ዘመን ሙግቱ በቃል፣ በአደባባይ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ነበር። ወሎ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ችሎቱም ቃልን በሰው ጆሮ ሲፈትን የኖረ አገር ነው። የተውኔት ንባብ የምንለው ይህንኑ ነው፤ የሚጨመርበት ቢኖር ጥቂት ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

ሰው አይመጣም ትሉ ይሆናል። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብ አንድ ሰው ብቻውን ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ ነበር፤ አገር ግን ሥራውን ትቶ ጆሮውን ሰጥቶታል። በቅርቡም ራስ ሆቴል ውስጥ በየወሩ ይዘጋጅ የነበረው ግጥም በጃዝ ሰዎች ግጥም ሲነበብ ለመስማት ገንዘብ ከፍለው የሚሰለፉበት መድረክ ሆኖ ነበር። የእኛ ሰው ሲነበብለት ያዳምጣል፤ የጎደለው የሚያነብለት ነው።

ከሌላም አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተ ዩጂን ኦኒል የቴአትር ማዕከል የሚባል ተቋም አለ። በየበጋው ገና ያልበሰሉ ድርሰቶችን ይመርጣል፤ ተዋንያን ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው በሕዝብ ፊት ያነቧቸዋል፤ ደራሲው እየሰማ ያርማል። ኦገስት ዊልሰን የሚባል ትምህርቱን ያቋረጠ የፒትስበርግ ጥቁር ልጅ ወደዚያ ድርሰቶቹን ደጋግሞ ልኮ ተመልሰውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 "ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም" የተባለው ሥራው ተቀባይነት አገኘና ተነበበ፤ በሁለት ዓመቱ ብሮድዌይ ደረሰ። ሰውየው ኋላ የፑሊትዘርን ሽልማት ሁለት ጊዜ አግኝቷል። የሰፈሩን ሰዎች በሰፈራቸው አነጋገር ነበር የጻፋቸው። ከጎረቤታችንም እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው የካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል የአገራችን ጸሐፌ ተውኔት የመዓዛ ወርቁ ሥራ ቀርቧል። አንዲት ኢትዮጵያዊት ደራሲ ድርሰቷን የምታሰማበት መድረክ ካምፓላ ላይ ካገኘች፣ ደሴና ሐይቅ ላይ የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ባለሙያዎች ሆይ፣ እናንተን በተለይ የማነሣችሁ ከታሪክ ተነሥቼ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ "ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ"ን ሲያሳዩ ተመልካቹ የቤተ መንግሥቱ ሰው ነበር፤ በአውሬ ተረት የተሸፈነው ትችት አልተወደደምና ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 በመኰንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" ተከፈተ። ሁሉም የቆሙት አዲስ አበባ ነው፤ ከሐይቅ እዚያ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ሴቶች ጸሐፍት አልነበሩንም እንዳይባል፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት "የልቤ መጽሐፍ" ውስጥ ተውኔት ጽፈዋል። እርሳቸው ግን በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በኃላፊነት የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ክፍልም ተማሪም በእጃቸው ነበር። የሱቅ ሠራተኛዋ ልጅ በእጇ ያለው የሒሳብ ደብተር ብቻ ነው።

አምባሰልን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ ይጠራል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17ቱ ዐድዋ ድረስ የወሰደን የውጫሌ ውል፣ የተፈረመው በአምባሰል ምድር ነው። ስለ አምባሰል ሲዘፈን፣ ስለ ውጫሌ ሲተረክ ሰምተናል። የውጫሌ እናት ምድጃዋ ዳር ሆና ስለ ዛሬው ኑሮዋ የምትለውን የውጫሌ ልጅ ጽፎት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ወለዬ ገጸ ባሕርይ ካየሁም ወይ ቆንጆ ነው፣ ወይ የዋህ ነው፣ ወይ በአነጋገሩ ሰው ሊያስቅ የገባ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ መንገድ ሲያልፍ ያየነውን፣ በከተማችን ዳር ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ያሉ ልጆች በደብተር የሚጽፉትን፣ ጅዳ ደርሶ የተመለሰው ወጣት የሚያወራውን ማን ይጻፍልን? ሌላ ሰው ቢጽፈው እንኳ "አንቱ"ው "አንቺ" ሆኖ ይመጣል።

በዚህ መካከል እኛ ጋ ቴአትር የለም ማለት አይደለም። በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ስልክ ይደወልልናል፤ "መምህር፣ የ10 ደቂቃ ጭውውት አዘጋጁልን፣ መልእክት ይኑርበት" እንባላለን። መልእክቱም ተጽፎ ይላካል። ልጆቹ ይለማመዳሉ፣ ንግግሮች ከረዘሙ ጭውውቱ ወደ አምስት ደቂቃ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ሰዓት የለም ተብሎ ይቀራል። እኔም ለዓመታት እሺ እያልኩ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ሁለት ገጽ ተኩል ስብከት ተውኔቷ ውስጥ የሰነቀረችው እኔ ካዘጋጀኋቸው ጭውውቶች ተምራ ነው። ልጆቻችን ቴአትር ማለት የስብሰባ ማድመቂያ ነው ብለው እንዲያድጉ አድርገናል።

ምን ይነበብ ይሆን የሚል ስጋትም እንዳለ እረዳለሁ። ቅድመ ምርመራ በ1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ይከለክለዋል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ከሕጉ ባሻገር ግን ነገሩን በተግባር አይተነዋል። በሠላሳ ሰው ፊት የተነበበ ድርሰት ውስጥ ነውር ወይም ሐሰት ካለ መጀመሪያ የሚቃወመው ታዳሚው ራሱ ነው። "አንቺ" የሚለው ቃል እንኳ አላለፈም!

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሕዝብ አዳራሽ ያለ ኪራይ ይፈቀድልን። ጊዜው ለማታ ዝግጅት እንደማይመች እናውቃለን፤ ሴቶችም ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው። ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይበቃናል። የምንፈልገው ወንበርና በር የሚከፍት ሰው ነው። አዳራሹ በዕለቱ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ ከተያዘ በሌላ ሳምንት ይዛወርልን እንጂ አይሰረዝብን።

ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሑፍ ተቀበሉ። ለሚነበበው ድርሰት የማባዣ ወጪ ጽሕፈት ቤቱ ይቻል። ከአምባሰል ገጠር ለሚመጣ ደራሲ የትራንስፖርት ይታሰብለት። ወጪው ለአንድ የበዓል ባነር ከሚወጣው ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ለመድረክ ተወዳድሮ የቀረበ ማንኛውም አዲስ ተውኔት ውድቅ ከመደረጉ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከገምጋሚዎቹም አንድ ሰው ተገኝቶ ይስማ። ሁሉንም ማዳመጥ ካልተቻለ፣ ስማቸው ያልታወቀ፣ ከዚህ በፊት መድረክ ያላገኙ፣ በተለይም ሴቶች የጻፏቸው ይቅደሙ። ስም ያለው ደራሲ ተዋናይ ጓደኛም ቡና ቤት የሚያነብለትም አያጣም።

አራተኛ፣ የሚመለስ ድርሰት ምክንያቱ ተጽፎ ይመለስ። አንድ ገጽ ይበቃል። የት ላይ እንደሰለቻችሁ፣ የት ላይ እንደገረማችሁ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳልተጨበጠላችሁ ብትጽፉ ደራሲው የሚይዘው ነገር ያገኛል።

አምስተኛ፣ ድርሰት ስትረከቡ ቀንና ማኅተም ያለበት የርክክብ ወረቀት ስጡ። ብዙ ወጣቶች ሐሳቤ ይሰረቃል ብለው ደብተራቸውን ደብቀው ይዘዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢኖርም፣ እጃቸው ላይ ቀን ያለበት ወረቀት ከሌለ አዋጁን ይዘው የት ይሄዳሉ? በንባቡ ዕለትም የደራሲው ስም፣ የድርሰቱ ርእስና ቀኑ በመዝገብ ይስፈር።

ስድስተኛ፣ ለአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ በንባብ የበሰለ አንድ ተውኔት ለመድረክ ቦታ ያግኝ። ሙሉ ዝግጅት ከከበደ ለጊዜው በእናንተ ተዋንያን ይነበብ። ደራሲው የጻፈውን የሙያተኛ አፍ ሲለው መስማት ብዙ ያስተምረዋል፤ ተዋንያናችሁም የወሎን አማርኛ ከማሳቂያነት ውጭ ይለማመዱታል።

በእኛ በኩል ምን እንደምናደርግም ልናገር። አንባቢዎችን እናሰባስባለን፤ ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከከተማው ወጣቶች ፈቃደኛ አናጣም። ከንባብ በኋላ የሚደረገውን ውይይት ሥርዓት እናስይዛለን። ደራሲው ይሰማል፣ ታዳሚው የሰማውንና የተሰማውን ይናገራል፤ "እንዲህ ብለሽ ጻፊው" የሚል አይኖርም፣ ድርሰቱ የእርሷ ነውና። አዳራሹን ጠርገን ቁልፉን እንመልሳለን። ከስድስት ወር በኋላም ምን እንደተነበበ፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ የትኛው ድርሰት እንደተሻሻለ በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን። ሰው ካልመጣ አልመጣም ብለን እንጽፋለን፤ ያኔ አዳራሹን ብትወስዱት ቅር አይለንም።

የልጅቱ ተውኔት እስከ አሁን ርእስ የለውም። "ሰው ሲሰማው ርእሱ ራሱ ይመጣል" ትላለች። ቀጣዩ ንባብ በቅርቡ ይሆናል፤ አዳራሽ ከተገኘ በአዳራሽ፣ ካልተገኘም እንደ ወትሮው ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን። እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከመጣችሁ እስከ ገጽ 31 ተቀመጡ፤ ቡናውም ይኖራል፣ እስከ በረካ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እንደምትሰጡን እጠብቃለሁ። መልሳችሁ እንደዚያች ደብዳቤ ሁለት መስመር ብትሆን አልቀየምም፤ በሁለተኛው መስመር ላይ አዳራሹ የሚከፈትበት ቀን ተጽፎ ከመጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የአማርኛ መምህር
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለደራሲዋ (ፖስታው ውስጥ አብራ እንድታኖረው)
ለሐይቅና ለአምባሰል ወላጆች
ደብተራቸውን ደብቀው ለያዙ ሁሉ